በ42ኛውና በ70ኛው ቀን ስለሚሰጠው የሕፃናት ጠብታ

በፍርድ ቤት የጽሕፈት ሥራ ከሃያ ዓመት የበለጠ ጊዜ ስላሳለፍን ቀጠሮ ምን እንደ ሆነ ጠንቅቀን እናውቃለን። ባለጉዳይ ሲታመም ቀጠሮ ይለወጣል፤ ምስክር ሲጠፋ ቀጠሮ ይለወጣል፤ መዝገቡ በመደርደሪያው ላይ ባይገኝ እንኳ ቀጠሮ ይለወጣል። ከዚህም የተነሣ የቀን ነገር በእጃችን ቀሎ፥ ለሁሉ ነገር ሌላ ቀን የሚገኝለት እየመሰለን መኖር ልማድ ሆኖብናል። ዳሩ ግን ወደ ሌላ ቀን ቢያስተላልፉት የማይጠብቅ ባለጋራ እንዳለ የተማርነው በፍርድ ቤት አይደለም፤ በጎረቤታችን ቤት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አጥር ከሚያዋስነን ቤት አንዲት ሴት ልጅ ተወለደች። ለእናቲቱ የበኵር ልጅ፥ ለአያቲቱም የመጀመሪያ የልጅ ልጅ ነበረች። ገንፎው ተገነፋ፤ ጎረቤት ሁሉ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ ገባ ወጣ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም እንደ ልማዷ በየቤቱ ስትዞር ወደዚያ ቤት ገብታ፥ ሕፃኒቱ ስድስት ሳምንት ሲሞላት ወደ ጤና ጣቢያ ይዘዋት እንዲሄዱ ነገረች፤ የክትባት ካርድም ጽፋ ሰጠች። አያቲቱ ግን «ክርስትና ሳትነሣ ከደጅ አትወጣም፤ ነፋስ አለ፤ ምች አለ፤ የሰው ዓይን አለ» አሉ።

አንድ ቀን ማታ ከሥራ ስንመለስ እናቲቱ በአጥሩ በኩል ጠራችንና፥ «ጋሼ፥ እርስዎ የቤተ ክርስቲያኑንም የዘመኑንም ትምህርት ያውቃሉ። ሰማንያ ቀን ሳይሞላት ባወጣት ነውር ይሆንብኛል ወይ? ሐኪሞቹ የሰጡኝ ቀን ደረሰ» ብላ ጠየቀችን። እኛም ነገሩን ሳንመረምር፥ ይልቁንም አያቲቱን ላለማስቀየም ብለን፥ «ሰማንያ ቀን ሩቅ አይደለም፤ ከክርስትናው በኋላ ትወስጃታለሽ» ብለን መለስንላት። ይህን ስንናገር በመዝገብ ላይ «ለሌላ ቀን ተቀጥሯል» ብሎ እንደ መጻፍ ያለ ቀላል ነገር ሆኖ ታይቶን ነበር።

ክርስትናው በደስታ ተፈጸመ። ከዚያም ጾሙ ገባ፤ ፋሲካም ሆነ፤ ከፋሲካ በኋላ እናቲቱ ወደ ሥራዋ ተመለሰች፤ ካርዱም በአንድ መጽሐፍ መካከል እንደ ተቀመጠ ቀረ። ሕፃኒቱ በሰባተኛ ወሯ፥ በአንድ ዐርብ ማታ፥ የጠባችውን ሁሉ ታስመልስ ጀመር። ቅዳሜ ትኵሳት ያዛት፤ እንደ ውኃ የቀጠነ ተቅማጥም ተከተለ፤ እስኪመሽ ድረስ ከዐሥር ጊዜ በላይ ሆነ። አያቲቱ ድዷን ዳስሰው «ጥርስ ነው፤ ግግ ሳይሆን አይቀርም» አሉና ግግ የምታወጣ ሴት እንድትጠራ አዘዙ። ጡት ሆዷን እንዳያብሰው ተብሎ ተከለከለች፤ ውኃም ቢሆን «የገባው ሁሉ ይወጣል» ተብሎ አልተሰጣትም። እሑድ ጧት ከቅዳሴ ስንመለስ ጠሩን። ዓይኖቿ ጐድጕደው፥ እርግብግቢቷ ወደ ውስጥ ሰርጕዶ፥ አፏም ደርቆ አየናት። ታለቅሳለች፤ ዕንባ ግን የላትም። አባቷና እኛ በታክሲ ይዘናት ወደ ሐኪም ቤት በረርን። ሐኪሙ የሆዷን ቈዳ በሁለት ጣቱ ያዝ አድርጎ ቢለቀው እንደ ተቈነጠጠ ቈየ። የደም ሥሯን ለማግኘት ብዙ ደከሙ። ከቀትር በኋላ በዘጠኝ ሰዓት ዐረፈች።

ሐኪሙ በዚህ ዕድሜ ያሉትን ልጆች እንዲህ አድርገው ከሚጥሉት ተሐዋስያን ሁሉ ዋነኛው ሮታ ቫይረስ የሚባለው መሆኑን፥ ለእርሱም መከላከያ የሚሆን ጠብታ እንዳለ ለአባቷ ነገረው። አባቷም ወደ እኛ ተመለከተ። ያ አመለካከት እስከ ዛሬ ድረስ ከዓይናችን አልጠፋም። ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣንም እርሱ ነው።

እንግዲህ ይህ ደዌ ምን እንደ ሆነ የተማርነውን እንናገር። ለብዙ ዘመን ከሕፃናት ተቅማጥ የሚበዛው ከምን እንደሚመጣ ሐኪሞችም አያውቁትም ነበር። በሽተኛው ሕፃን ቢመረመር ከሚታወቁት ተሐዋስያን አንዱም ሳይገኝ ይቀር ነበር። በፈረንጅ አቈጣጠር በ1973 በአውስትራልያ አገር በሜልቦርን ከተማ ዶክተር ሩት ቢሾፕ የሚባሉ ሴት ሊቅ ከሥራ ጓደኞቻቸው ጋር ሆነው፥ በተቅማጥ ከታመሙ ልጆች ከትንሹ አንጀታቸው ጫፍ ጥቂት ቅንጣት ወስደው በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ቢመለከቱት፥ በአንጀቱ ገጽ ውስጥ የተከማቸ ክብ የሆነ ቫይረስ አገኙ። ክብነቱና ዙሪያው የጋሪ እግር ስለሚመስል ስሙ ሮታ ተባለ፤ ሮታ በላቲን ቋንቋ መንኰራኵር ማለት ነው። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ላደግን ሰዎች መንኰራኵር የሚባለው ቃል የሕዝቅኤልን ራእይ ያሳስበናል፤ እንዲህ ያለ የከበረ ስም በሕፃናት ሆድ ውስጥ ለሚኖር ጠላት መሰጠቱ አስገርሞናል።

የትንሹ አንጀት ውስጠኛው ገጽ እንደ ምንጣፍ ጠጕር ባሉ እጅግ ረቂቅ ጭራዎች የተሸፈነ ነው። ምግብንና ውኃን መጥጠው ወደ ደም የሚያሳልፉት እነርሱ ናቸው። ሮታ ቫይረስ የሚያርፈው በእነዚህ ጭራዎች ጫፍ ላይ ነው፤ ጫፎቹም ሲበላሹ የገባው ውኃ ሳይመጠጥ ይወርዳል፤ ከሰውነቱም ውኃና ጨው እየተሳበ አብሮ ይወጣል። ቫይረሱ ከገባ ሁለት ቀን ያህል ቈይቶ ትውከትና ትኵሳት ይጀምራል፤ ተቅማጡም ከ3 እስከ 8 ቀን ይቈያል። አንጀቱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ራሱን ያድሳል፤ ስለዚህ ሕፃኑ እስከዚያ ድረስ ውኃው ካላለቀበት ይድናል። የሚገድለውም ቫይረሱ ራሱ ከመሆኑ ይልቅ የውኃው ማለቅ ነው። ትልቅ ሰው ብዙ ውኃ በሰውነቱ ስላለው ሁለት ሦስት ቀን ቢታገሥ ይችላል፤ የሰባት ወር ልጅ ግን እንደ ትንሽ እንስራ ናት፤ ከጧት እስከ ማታ ትነጥፋለች።

ብዙ ሰዎች «ንጽሕና ከተጠበቀ ይህ ሁሉ አይመጣም፤ ክትባቱ ምን ያደርጋል?» ይላሉ። እጅን በሳሙና መታጠብ፥ ውኃን አፍልቶ መጠጣት፥ መጸዳጃን በንጽሕና መያዝ ከብዙ ደዌ እንደሚያድን የታወቀ ነው፤ ይህንም ማንም አይተው። ነገር ግን ሮታ ቫይረስ ከሌሎች ይልቅ ግትር ነው። የታመመ ልጅ በሰገራው የሚያወጣው በቍጥር የማይገመት ሲሆን፥ ሌላውን ልጅ ለማሳመም ግን ከመቶ የማያልፍ ቅንጣት ይበቃዋል፤ በዕቃና በመጫወቻ ላይም ብዙ ቀን ይቈያል። በአሜሪካ አገር፥ ውኃው በቧንቧ በሚመጣበትና መጸዳጃው በየቤቱ ባለበት፥ ጠብታው ሳይገኝ በፊት ሁሉም ልጅ ለማለት በሚያስደፍር መጠን አምስት ዓመት ሳይሞላው በዚህ በሽታ ይያዝ ነበር። በየዓመቱም ከ55 ሺህ እስከ 70 ሺህ የሚደርሱ ልጆች በሆስፒታል ይተኙ ነበር። የሚሞቱት ግን በዓመት ከ20 እስከ 60 ብቻ ነበሩ። በዓለም ሁሉ ግን በፈረንጅ 2008 በዚህ ቫይረስ የሞቱት ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ልጆች 453 ሺህ ያህል እንደ ነበሩ የዓለም ጤና ድርጅት ገምቷል፤ ከእነዚህም ከግማሽ የሚበልጡት በአምስት አገሮች ብቻ የሞቱ ናቸው፤ ይኸውም በህንድ፥ በናይጄርያ፥ በፓኪስታን፥ በኮንጎ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክና በአገራችን በኢትዮጵያ ነው። ቫይረሱ እዚያም እዚህም አንድ ነው፤ የሚለያየው ልጁ ከሐኪም እጅ እስኪደርስ ድረስ የሚያልፈው ሰዓት ነው።

ስለ ጥርስም ጥቂት እንበል፤ ምክንያቱም ጥርስ በአገራችን ያለ ምስክር ብዙ ጊዜ የተፈረደበት ተከሳሽ ነው። ጥርስ ማብቀል የሚጀምረው በስድስተኛው ወር ገደማ ነው። በዚያው ወራት ሕፃኑ መዳህ ይጀምራል፤ ከመሬት ያገኘውንም ሁሉ ወደ አፉ ያገባል፤ ከእናቱ ማሕፀን ይዞት የወጣው የመከላከል ኀይልም በዚያው ጊዜ ይደክማል። ስለዚህ ተቅማጡና ጥርሱ በአንድ ወቅት ይገናኛሉ፤ አያቶቻችንም ሁለቱን አብረው ስላዩአቸው አንዱን ለሌላው ምክንያት አደረጉት። ወንጀል በተፈጸመበት መንገድ የተገኘ መንገደኛ ሁሉ ወንጀለኛ ቢባል ግን ማን ይተርፋል? በዚህ ግምት የሚደረገው ግግ ማውጣትና እንጥል መቍረጥ ደም ያፈስሳል፤ ቍስሉም ይመረቅዛል፤ ሕፃኑ ከተቅማጡ ቢተርፍ እንኳ በቍስሉ ሊሞት ይችላል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን በሕፃናት ላይ ጕዳት የሚያደርሱ ጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶችን በቅጣት እንደሚከለክል እኛ ከመዝገብ ቤት እናውቃለን፤ ዳሩ ግን ሕጉ ወደ ፍርድ ቤት የሚደርሰው ልጁ ከተጎዳ በኋላ ነው።

አሁን ደግሞ በሽታው ከያዘ በኋላ ምን እንደሚደረግ፥ በዚያች ቅዳሜ ማንም ያልነገረንን እንናገር። ጡት የምትጠባ ሕፃን ጡት አትከልከል፤ እንዲያውም ከወትሮው ይልቅ አዘውትራ ትጥባ። ከጤና ኬላ፥ ከጤና ጣቢያም ሆነ ከመድኃኒት ቤት የሚገኘው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር፥ ኦ.አር.ኤስ. የሚባለው ዱቄት፥ በፓኬቱ ላይ በተጻፈው ልክ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ይበጠበጣል። ውኃው ፈልቶ የቀዘቀዘ ቢሆን መልካም ነው። ውኃውን ማሳነስ አደገኛ ነው፥ ጨው ይበዛልና፤ ማብዛትም ጥቅሙን ያሳጣል። ሁለት ዓመት ላልሞላው ልጅ ከእያንዳንዱ ተቅማጥ በኋላ ከሩብ እስከ ግማሽ ብርጭቆ ያህል በማንኪያ ቀስ እያሉ ያጠጡታል። ቢያስመልሰው ዐሥር ደቂቃ ያህል ቈይቶ እንደ ገና በዝግታ መስጠት እንጂ «አልረጋ አለው» ብሎ መተው አይገባም። የተበጠበጠው ከአንድ ቀንና ሌሊት በላይ አይቀመጥ፤ ይደፋና ሌላ ይበጥበጥ። ከዚህም ጋር ዚንክ የሚባለው እንክብል ከ10 እስከ 14 ቀን ይሰጣል፤ መጠኑ ከስድስት ወር በታች ለሆነው በቀን 10 ሚሊግራም፥ ከዚያ በላይ ለሆነው 20 ሚሊግራም ነው፤ ተቅማጡ ቢቆምም እንክብሉ እስከ ቀኑ ይፈጸም። በሽታው የሮታ ቫይረስ ሲሆን በየመድኃኒት ቤቱ እየተገዛ የሚሰጠው አንቲባዮቲክ ምንም አይጠቅመውም። ዓይኑ የጐደጐደ፥ መጠጣት ያቃተው፥ ወይም የደነዘዘና ለመንቃት የከበደው፥ ወይም በተቅማጡ ደም የታየበት ልጅ ግን በቤት አይያዝ፤ በሌሊትም ቢሆን ወደ ሐኪም ይሂድ፤ በመንገድም እየተጠጣ ይሂድ።

ወደ ጠብታው እንመለስ። ሊቃውንቱ ብዙ ልጆችን ከልደታቸው ጀምሮ ተከታትለው ሲመረምሩ አንድ ነገር አስተዋሉ፤ ይኸውም አንድ ልጅ በሮታ ቫይረስ ደጋግሞ ሊያዝ ቢችልም፥ እጅግ የሚከፋበት የመጀመሪያው ጊዜ ነው። ሁለተኛው ይቀልለታል፤ ሦስተኛው ደግሞ ከዚያ ይቀልላል። ሰውነቱ ከመጀመሪያው ውጊያ ትምህርት ወስዷልና። እንግዲህ ያ የመጀመሪያው ውጊያ ከደከመ ጠላት ጋር ቢሆንስ ብለው አሰቡ። ጠብታው ይህ ነው፤ ኀይሉ እንዲደክም የተደረገ ሕያው ቫይረስ ነው፤ በመርፌ ሳይሆን በአፍ ይሰጣል፤ ትክክለኛው ጠላት በሚገባበት በር ይገባል ማለት ነው። ስለዚህ ጥቅሙ ሁሉ በመቅደሙ ነው። በአገራችን እንዳሉት ባሉ ቦታዎች ልጆች ከእውነተኛው ቫይረስ ጋር የሚገናኙት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓመት ሳይሞላቸው ስለ ሆነ፥ የዘገየ ጠብታ ከውጊያው በኋላ እንደ ደረሰ ጦር ይሆናል።

ስለ ክትባት የሚፈሩ ሰዎች አሉ፤ ፍርሃታቸውንም በንቀት አናልፈውም። የመጀመሪያው የሮታ ቫይረስ ክትባት በአሜሪካ አገር በፈረንጅ 1998 ተፈቅዶ በዓመቱ በ1999 ከገበያ ወጥቷል። የወጣበትም ምክንያት በጥቂት ሕፃናት ላይ አንዱ የአንጀት ክፍል ወደ ሌላው ገብቶ መታነቅን ስላመጣ ነው። ከዚህ በኋላ የተሠሩት ሁለት ክትባቶች፥ ሮታሪክስና ሮታቴክ የሚባሉት፥ ከመፈቀዳቸው በፊት እያንዳንዳቸው ከ60 ሺህ በሚበልጡ ሕፃናት ላይ ተፈትነዋል፤ ውጤታቸውም በፈረንጅ 2006 ታወቀ። ያ የአንጀት መታነቅ ፈጽሞ ጠፋ አይባልም፤ ከተከተቡት ከ20 ሺህ እስከ 100 ሺህ ሕፃናት መካከል በአንዱ ላይ ሊደርስ ይችላል ይላሉ። ስለዚህ ከጠብታው በኋላ በነበሩት ቀናት ሕፃኑ እግሩን ወደ ሆዱ እየሰበሰበ እየደጋገመ ቢጮኽ፥ ቢያስመልስ፥ በሰገራውም ደም ቢታይ ወዲያው ለሐኪም ማሳየት ይገባል። እኛ ሁለቱን በሚዛን አድርገን አይተናል፤ በአንዱ ወገን ከብዙ ሺህ አንድ፥ በሐኪምም ሊድን የሚችል አደጋ አለ፤ በሌላው ወገን ደግሞ ያየነው ነገር አለ።

ጠብታውን የወሰደ ሁሉ ከተቅማጥ ይድናል ብሎ ማስወራትም እውነት አይደለም። ሌሎች ብዙ የተቅማጥ ምክንያቶች አሉና። በሮታ ቫይረስ ላይ እንኳ ኀይሉ በሁሉ አገር እኩል አይደለም። በደቡብ አፍሪካና በማላዊ ተፈትኖ በፈረንጅ 2010 በታተመው ምርመራ፥ ብርቱ ሕመምን በደቡብ አፍሪካ ከመቶ 77፥ በማላዊ ከመቶ 49 ያህል ሲከላከል ተገኝቷል። ይህን ያነበበ ሰው «በማላዊ ግማሹን ብቻ ከጠበቀ ምን ይረባል?» ሊል ይችላል። ዳሩ ግን በማላዊ በሽታው ስለሚበዛ፥ ከተከተቡት ከመቶ ሕፃናት በዓመት ውስጥ ከብርቱ ሕመም የዳኑት በማላዊ ወደ ሰባት ሲጠጉ፥ በደቡብ አፍሪካ ከአራት ጥቂት ይበልጣሉ። ደካማ የመሰለው ጋሻ ብዙ ፍላጻ በሚወረወርበት ስፍራ ብዙ ሰው ጠብቋል። በሜክሲኮ አገርም ክትባቱ ለሁሉ ከተዳረሰ በኋላ በተቅማጥ የሚሞቱት ሕፃናት ከሲሶ በላይ ቀንሰዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጅ 2009 አገሮች ሁሉ እንዲሰጡት መከረ፤ በ2013 በዚህ ቫይረስ የሞቱት ሕፃናት ወደ 215 ሺህ እንደ ወረዱ ተገምቷል። የጎረቤታችንን ልጅ ጠብታው በእርግጥ ያተርፋት ነበር ብለን አንምልም። ነገር ግን የሚገባት ጠባቂ ነበራት፤ እርሱንም የከለከልናት እኛ ነን።

በአገራችን ይህ ጠብታ በመንግሥት የክትባት ሥራ ውስጥ የገባው በ2006 ዓ.ም. በኅዳር ወር ገደማ ሲሆን፥ ያለ ዋጋ ይሰጣል። ሲጀመር በተደረገው ሥርዓት ሁለት ጊዜ ይሰጣል፤ የመጀመሪያው በ6 ሳምንት፥ ሁለተኛው በ10 ሳምንት፥ ከሌሎቹ የዚያ ዕድሜ ክትባቶች ጋር ነው። በካርዱ ላይ ሌላ ቀን የተጻፈ ቢሆን ካርዱን መከተል ነው። አሁን የቀን አቈጣጠሩን ልብ ብለን እንመልከት፤ ጥፋታችን ያለው በዚህ ላይ ነውና።

6 ሳምንት ማለት 42 ቀን፥ 10 ሳምንት ማለት 70 ቀን ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ወንድ ልጅ በ40፥ ሴት ልጅ በ80 ቀን ትጠመቃለች፤ ይህም በመጽሐፈ ኩፋሌ አዳም በ40፥ ሔዋን በ80 ቀን ወደ ገነት ገቡ ከተባለው ጋር የተያያዘ ነው። እንግዲህ ወንድ ልጅ ክርስትና በተነሣ በሁለተኛው ቀን ገደማ የመጀመሪያው ጠብታ ይደርስለታል፤ «ከክርስትናው በኋላ» ቢባል ብዙ አይጎዳም። የሴት ልጅ ግን ሁለቱም ጠብታዎች፥ 42ኛውም 70ኛውም፥ ከክርስትናዋ በፊት ይውላሉ። «ከክርስትናዋ በኋላ» የሚለው መልስ ለሴት ልጅ ሁለቱንም ቀን ያሳልፍባታል። እኛ የሰጠነው መልስ ይህን ሳይቈጥር የተሰጠ መልስ ነበረ፤ መቍጠር ሥራችን ሆኖ ሳለ። ከዚያ ወዲህ የንስሐ አባታችንን ብንጠይቃቸው፥ «የአርባና የሰማንያው ሥርዓት ወደ ቤተ መቅደስ ስለ መግባት ነው እንጂ ሕፃን ወደ ሐኪም እንዳይወሰድ አይከለክልም፤ የታመመ ሕፃንማ ቀኑ ሳይደርስ ይጠመቅ የለም ወይ?» አሉን። ይህን መጠየቅ የሚገባን አስቀድመን ነበር። በሌላ ሃይማኖት ቤቶችም አራስና ሕፃን ከቤት የማይወጡበት ወግ ስላለ፥ እያንዳንዱ ቤት የራሱን ቀን ከካርዱ ጋር አስተያይቶ ይመልከት።

የእኛ ወር ሁልጊዜ 30 ቀን ስለ ሆነ አቈጣጠሩ ለማንም አያስቸግርም። 42 ቀን ማለት 1 ወር ከ12 ቀን ነው፤ 70 ቀን ማለት 2 ወር ከ10 ቀን ነው። በኅዳር 5 የተወለደ ልጅ የመጀመሪያው ታኅሣሥ 17፥ ሁለተኛው ጥር 15 ይውልለታል። መጠንቀቅ የሚያስፈልገው በክረምቱ መጨረሻ ለተወለዱት ነው፤ ጳጉሜን በመካከል ትገባለችና። በነሐሴ 1 የተወለደች ልጅ 42ኛ ቀኗ መስከረም 13 ሳይሆን መስከረም 8 ነው፤ በዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን 6 ስትሆን ደግሞ መስከረም 7 ይሆናል። ሁለቱም ቍጥሮች ለሰባት ስለሚካፈሉ ማክሰኞ የተወለደ ልጅ ሁለቱም ቀኖቹ ማክሰኞ ይውሉለታል፤ ይህም ለማስታወስ ይረዳል። የጤና ኬላው የሚከትብበት ዕለት ሌላ ቢሆን ቀጥሎ ያለውን ዕለት መያዝ ነው። ቀኑ ያለፈባት እናትም አፍራ በቤት አትቅር፤ ሁለት ዓመት እስኪሞላው ድረስ ሊሰጥ የሚችልበት መንገድ ስላለ ካርዱን ይዛ ሄዳ ትጠይቅ። ሕፃኑ ከጠብታው በፊትም በኋላም ጡት ቢጠባ አይከለከልም። ጠብታው ይጣፍጣል፤ ብዙዎቹም ምላሳቸውን እያወጡ ይልሱታል።

ለእናቲቱ ስለዚያ መልሳችን ይቅርታ ጠይቀናታል። «እግዜር ያውቃል፥ ጋሼ» አለችን እንጂ ሌላ ቃል አልጨመረችም። ዘንድሮ በከተራ ዕለት፥ ጥር 10፥ ሁለተኛ ሴት ልጅ ወለደች። በሦስተኛው ቀን አያቲቱ ራሳቸው በአጥሩ በኩል ጠርተውን፥ «ልጄ፥ ና ቍጠርልኝ» አሉን። የካቲት 22 ሕፃኒቱን በነጠላ ሸፍነው፥ የሰው ዓይን እንዳይነካት በግንባሯ ላይ ጥቂት ጥላሸት አድርገው፥ ከእናቷ ጋር ወደ ጤና ጣቢያ ሄዱ፤ እኛም የሥራ ፈቃድ ጠይቀን አብረን ሄድን። ነርሷ ጥላሸቱን አይታ ፈገግ አለች፤ ምንም አልተናገረችም። ሕፃኒቱ ጠብታውን ላሰችው። ሁለተኛው ቀን መጋቢት 20 ነው፤ አያቲቱ በግድግዳው ላይ በተሰቀለው የቀን መቍጠሪያ ላይ በከሰል ከበውበታል።